ይግባኝ ሰሚው ከበሩ ጀርባ ሲሆን

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ ሁለታችንም ከቤት ነው የምንሠራው። አፓርታማችን አንድ መኝታ ቤትና አንድ ሳሎን ብቻ ነው ያለው፤ ወጥ ቤቱም ከሳሎኑ ጋር የተያያዘ ነው። ልጃችን 14 ወሯ ነው። የቀጠርናት ሞግዚት በሦስተኛው ሳምንት «በዚህ ቤት ሥራዬ ምን እንደሆነ አልገባኝም» ብላ ሄደች። ልጄ እኔን ባየች ቁጥር ታለቅሳለች፤ ባለቤቴ ስብሰባ ላይ ሲሆን ደግሞ ሁላችንም ትንፋሻችንን ውጠን ነው የምንቀመጠው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ ሞግዚት ትጀምራለች። ቤቱን እንዴት እንከፋፍለው? ወይስ ሰፋ ያለ ቤት መፈለግ አለብን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ ቤቱን ወደ መከፋፈሉ እመጣለሁ። መጀመሪያ ግን ትታችሁ የሄደችው ሞግዚት የተናገረችው ላይ ትንሽ እንቆይ። ሞግዚቶችን በማሠልጠንና ቤተሰቦችን በማማከር ባሳለፍኳቸው ዓመታት፣ ወላጆች ከቤት ከሚሠሩበት ቤት ለቀው የወጡ ሞግዚቶች ደጋግመው የነገሩኝ ይህንኑ ነው። «ቤቱ ጠበበኝ» አይሉም። «ልጁ ሲያለቅስ ላባብለው ወይስ እናቱ እስክትወጣ ልጠብቅ? ምሳ አልበላም ሲል ልተወው ወይስ አባቱን ልጥራ?» ነው የሚሉት። በዚህች ደቂቃ ኃላፊው ማን እንደሆነ የማታውቅ ሴት ቀኑን ሙሉ ፈተና ላይ እንደተቀመጠች ተማሪ ናት፤ ፈታኞቹም ከቀጭን ግድግዳ ማዶ ሆነው ያዳምጧታል። ሦስት ሳምንት መቆየቷ ራሱ ትዕግሥተኛ መሆኗን ያሳያል።

ስለዚህ የእናንተ ችግር በዋናነት የካሬ ሜትር ችግር ነው ብዬ አላምንም። ለ14 ወር ልጅ፣ ሥራ ከሄደች እናት ይልቅ ግማሽ ያለች እናት ትከብዳታለች።

ምክንያቱ ይህ ነው። ሕፃናት 8 ወር ገደማ ሲሞላቸው ከዓይናቸው የተሰወረ ነገር ከዓለም እንዳልጠፋ ይገባቸዋል። የመለየት ለቅሶም የሚጀምረው በዚያው ሰሞን ነው፤ በአብዛኞቹ ልጆች ከ10 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ይበረታል። ልጅዎ አሁን መሐሉ ላይ ናት። እናት ከቤት ስትወጣ ልጅ ትንሽ ያለቅሳል፤ ከዚያ በቤቱ ውስጥ ካለው ሰው ጋር ይስማማል። በእናንተ ቤት ግን የእናት ድምፅ በግድግዳው ያልፋል። በሩ አንዳንዴ ለቅሶው ሲበረታ ይከፈታል፣ አንዳንዴ ውኃ ለመቅዳት ይከፈታል፣ አንዳንዴ ጭራሽ አይከፈትም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ቢ. ኤፍ. ስኪነር በእርግቦች ላይ ባደረጋቸው ሙከራዎች እንዳሳየው፣ ሽልማቱ መቼ እንደሚመጣ የማይታወቅ ከሆነ እንስሳው መሞከሩን ቶሎ አይተውም። ልጅዎን ከእርግብ ጋር ማመሳሰሌ አይክፋዎት፤ እኛም ስልካችንን የምንፈትሸው በዚሁ ሕግ ነው። አንዳንዴ የሚከፈት በር ጨርሶ ከማይከፈተው በር በላይ ያስለቅሳል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራ በሩ በሰዓት እንጂ በለቅሶ እንዳይከፈት ማድረግ ነው። ለምሳሌ በምሳ ሰዓት፣ ከቀን እንቅልፏ ስትነሳና ሥራ ሲያበቃ። ሲከፈት በደንብ ይከፈት፤ ስልክዎን ውስጥ ትተው ይውጡ፣ መሬት ቁጭ ይበሉ፣ እነዚያ 20 ደቂቃዎች የእሷ ይሁኑ። «ታዲያ እያለቀሰች ልተዋት?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ብቻዋን አይደለም የሚተዉአት። ሞግዚቷ አቅፋታለች፣ ታባብላታለች፣ ስሟን እየጠራች ታናግራታለች። አንድ ልጅ በሌላ አፍቃሪ ሰው እቅፍ ውስጥ ማልቀሱ ተጥሎ ማልቀስ አይደለም። እርስዎ እየሮጡ ሲወጡ ግን ለልጅዎ የሚደርሳት መልእክት «ይህቺ ሴት ልታረጋጋሽ አትችልም» የሚል ነው፤ ሞግዚቷም ያንኑ ትሰማለች።

ስንብቱ አጭርና በየቀኑ አንድ ዓይነት ይሁን። ያው ቃል፣ ያው መሳም፣ ከዚያ በሩ ይዘጋል። ከአንድ ደቂቃ አይለፍ። ዘወር ስትል ሾልኮ መግባት ለዛሬ ያድናችኋል፤ ነገ ግን ዓይኗን ከእርስዎ ላይ አትነቅልም። አንዳንድ ወላጆች ከዚህም አልፈው «ሥራ ሄጄ መጣሁ» ብለው በውጭው በር ይወጡና ልጁ ዞር ሲል ተመልሰው መኝታ ቤት ይገባሉ። እኔ ይህን ዘዴ አልወደውም። የ14 ወር ልጅ የእናቷን ሳል ለይታ ታውቃለች። «እማዬ ክፍሉ ውስጥ ናት፣ እየሠራች ነው፣ በምሳ ሰዓት ትወጣለች» የሚለው እውነት በየቀኑ ከተፈጸመ ቃላቱ ሳይገቧት እንኳ ሥርዓቱ ይገባታል።

አሁን ማንም የማይጽፍላችሁን ነገር ልጻፍ፤ መጸዳጃ ቤት። በትንሽ አፓርታማ ውስጥ ሥርዓቱን የሚያፈርሰው ትልቅ ስህተት አይደለም፤ እርስዎ ሽንት ቤት ለመሄድ በሳሎኑ ማለፍዎ ነው። ሰባት እርምጃ ናት፤ ውጤቷ ግን የግማሽ ሰዓት ለቅሶ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ለሞግዚቷ በስልክ አጭር መልእክት ይላኩላት፣ እሷም ልጅቷን ወደ መስኮቱ ወይም ወደ ወጥ ቤቱ ወስዳ ጀርባ ስታሰጣት «እሺ» ብላ ትመልስልዎት። ውኃዎን፣ መክሰስዎን፣ የስልክ ቻርጀርዎን ጠዋት ይዘው ይግቡ። ድንገት ተያይታችሁ ልጅቷ ካየችዎት ደግሞ አይደበቁ፤ ፈገግ ብለው፣ ያችኑ የስንብት ቃል ተናግረው ይለፉ። የሚጎዳው መታየትዎ አይደለም፤ ቆም ማለትዎ፣ ማመንታትዎ፣ «ትንሽ ልያዛት» ብለው ከሁለት ደቂቃ በኋላ መልሰው መስጠትዎ ነው።

ጡት እያጠቡ ከሆነ ያው ሕግ ይሠራል፤ የታወቀ ሰዓት፣ የታወቀ ወንበር። ታልቦ የሚቀመጥ ወተት ከሆነ፣ አዲስ የታለበው በክፍል ሙቀት (እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ) እስከ 4 ሰዓት፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆያል። ጠጥታ የተረፈው ግን በ2 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይደፋል። የታለበበትን ቀንና ሰዓት ጡጦው ላይ ይጻፉ፤ ሞግዚቷ መገመት የለባትም።

ወደ ሥልጣን ጉዳይ ልመለስ፤ ከሁሉም የከበደው እሱ ነውና። ሞግዚቷ «አሁን ብስኩት የለም፣ ምሳ ደርሷል» አለች እንበል። ልጅቷ ጮኸች። አባት ከስብሰባ ወጥቶ «አንድ ብትበላ ምን አለበት?» ብሎ ሰጣት። እሱ ልጁን ያስደሰተ መስሎታል። ልጅቷ የተማረችው ግን ከበሩ ጀርባ ይግባኝ ሰሚ ችሎት እንዳለ ነው፤ የሥር ፍርድ ቤቱን ውሳኔ ከዚያ ወዲያ የሚቀበል ማን አለ? ሕጉ እንዲህ ይሁን፤ በሥራ ሰዓት ውሳኔው የሞግዚቷ ነው፣ ብትሳሳትም። የማትስማሙበትን ነገር ማታ፣ ልጅቷ በሌለችበት፣ በእርጋታ ትነጋገራላችሁ። የደኅንነት ጉዳይ ካልሆነ በቀር ከበሩ ወጥቶ ማረም የለም። እኔ ራሴ ይህን ለሌላ ስመክር ቆይቼ፣ የመጀመሪያ ልጄ ጊዜ ሞግዚቷ ካልሲ አላደረገችለትም ብዬ ስብሰባ አቋርጬ ወጥቻለሁ። ልጄ በባዶ እግሩ ደስ ብሎት ይጫወት ነበር። ያቺ ሴት ከዚያ ቀን በኋላ ልጁን የምታነሳው ወደ በሩ እያየች ነበር።

ማረሚያው ቀድሞ ነው። ሥራ ከመጀመሯ በፊት ተቀምጣችሁ በጣም የምትጨነቁባቸውን ነገሮች፣ አምስት ወይም ስድስት ብቻ፣ ንገሯት። ሃያ ብትነግሯት ሁሉም እኩል ይሆንና የትኛውም አይከበርም። ከዚያ ውጭ ያለውን በራሷ መንገድ ትሥራው። ልጅቷን እንደ እርስዎ አትይዛትም፤ መያዝም የለባትም።

አሁን ቤቱ። ትናንሽ ቤቶችን በግድግዳ ሳይሆን በሰዓት ነው የምንከፋፍላቸው። የእናንተን ቤት ሳስበው ቀኑ ሦስት መልክ አለው። ልጅቷና ሞግዚቷ ውጭ ሲሆኑ ሁለቱም ክፍሎች ነፃ ናቸው፤ ሁለታችሁም በአንድ ጊዜ ስብሰባ ልትገቡ የምትችሉት በዚህ ሰዓት ብቻ ነው። ልጅቷ ነቅታ ቤት ስትሆን ሳሎኑ የእሷና የሞግዚቷ ነው፤ ለእናንተ የሚቀረው መኝታ ቤቱ ነው፣ እዚያም አንዳችሁ ብቻ ትናገራላችሁ፣ ሌላው ዝም ብሎ የሚሠራውን ሥራ ይሠራል። ልጅቷ ስትተኛ መኝታ ቤቱ ይለቀቅላታል፤ ላፕቶፖቹ ወደ ሳሎን ይወጣሉ፤ አንድ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ መነጋገር ይችላል። ሳምንቱ ከመጀመሩ በፊት ሁለታችሁ የስብሰባ መርሐ ግብራችሁን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ከእነዚህ ሦስት መልኮች ጋር አስማሙት፤ የተስማማችሁበትንም ለሞግዚቷ አሳዩአት። ባለቤትዎ በየቀኑ ልጅቷ ነቅታ ባለችበት ሰዓት ረጅም ስብሰባ ካለው፣ ሰዓቱን እንዲያስቀይር መጠየቅ ከልጅቷ ዝምታን ከመጠየቅ ይቀላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በቀንና በሌሊት ተደምሮ ከ11 እስከ 14 ሰዓት ይተኛል። ብዙዎቹ ልጆች ከቀን ሁለት እንቅልፍ ወደ አንድ የሚሸጋገሩት ደግሞ ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ነው። አሁን ያወጣችሁት ሰሌዳ ከሁለት ወር በኋላ ሊፈርስ ይችላል ማለት ነው። ሲፈርስ ጥፋቱን ሞግዚቷ ላይ አትደፍድፉ፤ ቁጭ ብላችሁ እንደገና አውጡት።

ድምፅን በተመለከተ ብዙ አልልም። ድምፅ በብዛት የሚያመልጠው በበሩ ሥር ባለው ክፍተት ነው፤ ጨርቅ ጠቅልሎ መድፈን ብዙ ይረዳል፤ ምንጣፍና በመጻሕፍት የተሞላ መደርደሪያም እንዲሁ። ሁለቱን ጆሮውን በማዳመጫ የደፈነ ሰው ሳያውቀው ይጮኻል፤ አንዱን ጆሮ ክፍት መተው ድምፅን ዝቅ ያደርጋል። ልጅን ለማስተኛት ወጥ የሹሹታ ድምፅ የሚያወጣ ማሽን የምትጠቀሙ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ፣ 14 መሣሪያዎችን የፈተሸ ጥናት እንዳሳየው ሦስቱ እስከ መጨረሻው ሲከፈቱ በ30 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ ከ85 ዴሲቤል በላይ ይጮኹ ነበር። ማሽኑ ከአልጋው ቢያንስ 2 ሜትር ይራቅ፣ ድምፁም ዝቅ ይበል።

ከማሽኑ ይልቅ የሚያሳስበኝ «ትንፋሻችንን ውጠን ነው የምንቀመጠው» ያሉት ነው። ልጅ መጫወቻውን ይጥላል፣ ይጮኻል፣ ማንኪያ በድስት ላይ ይመታል፤ ሥራው እሱ ነው። ሞግዚቷን በየሰዓቱ «ጸጥ አድርጊያት» ብትሏት፣ የ14 ወር ልጅን ጸጥ የሚያደርግ አንድ ፈጣን መሣሪያ ነው ያላት፤ ስልኳ። ዝምታ የሚያዝ ወላጅ ሳያውቀው ስክሪን እያዘዘ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ለአንድ ዓመት ልጅ ስክሪን አይመክርም፤ ከሁለት ዓመት ጀምሮም በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። ዝም ማለት ያለበት ስብሰባው እንጂ ልጁ አይደለም፤ ማይክሮፎኑን ማጥፋት ይቻላል።

ይኸው መመሪያ ከአንድ እስከ አራት ዓመት ላሉ ልጆች በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ እንቅስቃሴን ይመክራል፤ በጋሪ ወይም በወንበር ታስሮ መቀመጥም በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰዓት እንዳያልፍ ያሳስባል። በቀን ሁለት ጊዜ ውጭ መውጣት ለእናንተ ስብሰባ ብቻ ሳይሆን ለእሷ ጡንቻም ነው። ግን «ውጭ» ማለት በጋሪ መገፋት ብቻ ከሆነ አልረባም፤ ወርዳ የምትሮጥበት ቦታ ይፈለግ። ዝናብ ለሚዘንብበት ቀንም አስቀድማችሁ አስቡ፤ የሕንፃው ኮሪደርና ደረጃ፣ የጎረቤት ቤት፣ ባዶ ካርቶን። በዝናብ ቀን ሁለታችሁም ስብሰባ ከተገጣጠመባችሁ አንዳችሁ ላፕቶፑን ይዛችሁ ውጡ። ሞግዚቷንና ልጅቷን በዝናብ አታስወጡ።

ብዙ ቤተሰብ የሚረሳው ደግሞ የሞግዚቷን ቦታ ነው። ልጅቷ መኝታ ቤት ተኝታለች፤ ባለቤትዎ ሳሎን ስብሰባ ላይ ነው፤ ሞግዚቷ የት ናት? ወጥ ቤት ቆማ ስልኳን ድምፅ አጥፍታ ታያለች። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ለአርባ ደቂቃ ቆማ። የራሷ ወንበር፣ ቦርሳዋን የምታስቀምጥበት መደርደሪያ፣ ምግቧን ሳትሸማቀቅ የምትበላበት ጥግ ያስፈልጋታል። ወላጆች ቤት ሲውሉ ሥራውም ሳይታወቅ ይሰፋል፤ የእናንተ ኩባያ፣ የእናንተ ልብስ፣ በር የሚያንኳኳ ዕቃ አድራሽ። የልጅ እንክብካቤ ብቻ ከሆነ የቀጠራችኋት በጽሑፍ ይቀመጥ፤ ሌላም ካለ ክፍያው ውስጥ ይግባ። እ.ኤ.አ. በ2011 የጸደቀው የዓለም ሥራ ድርጅት 189ኛው ስምምነት (ስለ ቤት ሠራተኞች የሚናገረው)፣ አገርዎ ብታጸድቀውም ባታጸድቀውም፣ ጥሩ መለኪያ ነው፤ የሥራው ሁኔታ በግልጽ እንዲነገራትና በሳምንት ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት እረፍት እንዲኖራት ይላል። ልጅቷ ስትነቃ ለመነሳት እየጠበቀች ያለችበት ሰዓትም «ዝም ብላ ተቀምጣለች» የሚባል አይደለም፤ ከቤቱ መውጣት ካልቻለች ሥራ ላይ ናት።

የክትትል ካሜራ መግጠም እንዳሰባችሁ አልጻፉልኝም፤ ብዙዎች ስለሚጠይቁኝ ግን ልናገር። እናንተ እዚያው ቤት ሆናችሁ ካሜራ አያስፈልግም፤ የእናንተ ግድግዳ ራሱ ጆሮ አለው። ከገጠማችሁ ግን ትወቀው፤ ልብስ የምትቀይርበትና መጸዳጃ ቤት ደግሞ በምንም መንገድ አይገባም። በሌላ በኩል የእናንተን የቪዲዮ ስብሰባ ካሜራ አስቡት፤ ጀርባችሁን ለግድግዳ ሰጥታችሁ ተቀመጡ። ሞግዚቷ ፀጉሯን ሳታስተካክል በማታውቃቸው ሰዎች ፊት ማለፍ የለባትም።

በሩ መቼ ይንኳኳ? ዝርዝሩን ከማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉት። ሙቀቷ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ፣ ወድቃ ጭንቅላቷን ስትመታ፣ ደም አልቆም ሲል፣ መድኃኒት ወይም የጽዳት ኬሚካል ወደ አፏ ካስገባች፣ ስብሰባው ከማንም ጋር ይሁን በሩ ይከፈት። ምግብ ወይም ዕቃ ጉሮሮዋን ዘግቶት ትንፋሽ ሲያጥራት ግን ሞግዚቷ አታንኳኳ፤ እየጮኸች እርዳታውን ትጀምር። ልጅቷ ማሳል ከቻለች ታስላት። ካልቻለች በትከሻዎቿ መሐል 5 ጊዜ ጀርባዋን መምታት፣ ካልወጣ ከኋላ አቅፎ ከእምብርት በላይ 5 ጊዜ ወደ ውስጥና ወደ ላይ መጫን፣ እያፈራረቁ። ይህ ከአንድ ዓመት በላይ ላለ ልጅ ነው፤ ከዚያ በታች ሆድ አይጫንም፣ ደረት ነው። ሦስታችሁም በአካል ሠልጥኑ፤ ጽሑፍ ማንበብ አይበቃም።

አዲሷ ስትመጣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት አብራችሁ ሁኑ፤ ልጅቷ እርስዎ ከዚያች ሴት ጋር ሲስቁ ትይ። ከዚያ እርስዎ ክፍል ይግቡ፤ መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት፣ ቀጥሎ አንድ ሰዓት፣ ቀጥሎ ግማሽ ቀን። በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ ደግሞ ሁለታችሁም ከቤት በእውነት ውጡ፤ ለሦስትም ለአራት ሰዓትም። ይህ ልጅቷን ለማታለል አይደለም፤ ሁለቱ የሚያዳምጣቸው ጆሮ በሌለበት የራሳቸውን ጨዋታ፣ የራሳቸውን የማስተኛ ዘዴ እንዲያገኙ ነው። ስንብት ላይ አልቅሳ በጥቂት ደቂቃ ከተረጋጋች ነገሩ መልካም ነው። ሁለት ሦስት ሳምንት አልፎ ቀኑን ሙሉ ካለቀሰች፣ ምግብ ከቀነሰች፣ የሌሊት እንቅልፏም ከተበጠበጠ ሰሌዳውን ወይም የሞግዚቷን ምርጫ እንደገና እናያለን።

ሰፋ ያለ ቤት? ለጊዜው አይቸኩሉ። ተጨማሪ ክፍል ያለው ቤት ውስጥም ያው በር በለቅሶ ከተከፈተ ያው ነው። ሁለታችሁም ቀኑን ሙሉ የምትናገሩበት ሥራ ከሆነ ግን ክፍል ከመጨመር በፊት ከሁለታችሁ አንዱ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ሌላ ቦታ ሄዶ መሥራት ይችል እንደሆነ ይመርምሩ፤ ከኪራይ ልዩነት ይረክሳል።

ሌላው ደግሞ ይህ ነው፤ የሄደችው ሞግዚት ስልክ ካለዎት ይደውሉላት። እንድትመለስ አይጠይቋት። ከቀኑ የትኛው ሰዓት በጣም እንደከበዳት ብቻ ይጠይቋት፤ አዲሷን የምትቀበሉበትን ሰሌዳ ከዚያ ሰዓት ጀምራችሁ አውጡ።